ካሜራ ቦዲ አከራይቶ ማትረፍ ይቻላል? የአንድ ዓመት የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 0

ካሜራውን ዛሬ ገዛሁ። ሶኒ ኤ ሰቨን ፎር፣ አዲስ፣ ከነካርቶኑ። ዓላማዬ አንድ ነው። ቦዲ፣ ማለት ሌንስ የሌለውን ራሱን ካሜራውን፣ አከራይቶ ማትረፍ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን በወሬ ሳይሆን በራሴ ዕቃና በራሴ ደብተር ማየት እፈልጋለሁ።

ለሂሳቡ እንዲመች የቦዲውን መግዣ ዋጋ 100 እለዋለሁ። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ዋጋ ሁሉ ከዚህ 100 አንጻር ነው። ገንዘብ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ምጣኔው ግን የትም ይሠራል። የቀን ኪራዩን 2 አድርጌዋለሁ። 50 ቀን ከተከራየ መግዣው ተመለሰ ማለት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ቢወጣ እንኳ በዓመት 52 ቀን ይሆናል። በወረቀት ላይ ሲያዩት ደስ ይላል። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን ግን እያንዳንዷን ቀን እመዘግባለሁ።

ይህን ሞዴል የመረጥኩት ለፎቶም ለቪዲዮም ስለሚሆን ነው። 33 ሜጋፒክስል አለው፣ 4ኬ ይቀርጻል፣ ሁለት ካርድ ይይዛል። የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። ሠርግ የሚያነሳ ሰው አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው ላይ ቅጂ እንዲኖረው ይፈልጋል። ሠርግ ደግሞ አይደገምም።

ሳምንት 2

ኪራይ እስካሁን ዜሮ። ስልክ ግን 6 ጊዜ ተደውሎልኛል። ማን፣ ለምን ሥራ፣ ለየትኛው ቀን እንደፈለገ ሁሉንም ጻፍኩ። ያልተሳካውን ጥያቄ መጻፍ ከተሳካው በላይ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

ከ6ቱ የ5ቱ የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው። «ሌንስ አለው?»

«የለውም፣ ቦዲ ብቻ ነው» ስላቸው «እሺ፣ መልሼ እደውላለሁ» ይሉና በዚያው ይቀራሉ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ቦዲ ብቻውን የሚፈልገው ማን ነው? የራሱ ሌንስ ያለው ሰው። የራሱ ሌንስ ያለው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ቦዲም አለው። ስለዚህ ወደ እኔ የሚመጣው ቦዲው የተበላሸበት፣ ለአንድ ሥራ ሁለተኛ ቦዲ የፈለገ ወይም ከመግዛቱ በፊት መሞከር የሚፈልግ ሰው ነው። ይህ ጠባብ ገበያ ነው። ከመግዛቴ በፊት ላስበው ይገባ ነበር።

ሳምንት 4

የመጀመሪያው ኪራይ! የሠርግ ፎቶ አንሺ ነች። ቦዲዋ ጥገና ገብቶባታል፣ ሌንሶቹ አሏት። ቅዳሜ ጠዋት ወሰደች፣ እሁድ ከሰዓት መለሰች።

ስትመልስ የሸተር ቆጣሪውን አየሁት። ሸተር ፎቶ በተነሳ ቁጥር ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ ነው። በአንድ ሠርግ 4,300 ጊዜ ተኩሳለች። ይህን ቁጥር ማንም አከራይ ችላ ሊለው አይገባም። ሜካኒካል ሸተር ዕድሜ አለው። ካኖን 5ዲ ማርክ 3ን ለ150,000 ነው የፈተነው። ኒኮን ዲ850 ለ200,000፣ ካኖን አር5 ደግሞ ለ500,000 የተፈተኑ ናቸው። ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ካሜራው በዚያው ቀን ይሞታል ማለት አይደለም፣ የአምራቹ መለኪያ ነው። ግን አስቡት፣ 5ዲ ማርክ 3 ቢሆን ኖሮ በዚህ አተኳኮስ 35 ሠርግ ላይ መለኪያውን ይጨርስ ነበር።

ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ግን ቆጣሪውን ያን ያህል አያንቀሳቅሰውም። በቪዲዮ የሚደክመው ሌላ ነገር ነው፣ ሙቀቱና ገመድ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች። ስለዚህ ሸተሩ ትንሽ ነው ተብሎ የሚሸጥ ቦዲ የግድ ያልደከመ ቦዲ አይደለም።

ሳምንት 7

ሌንስ ገዛሁ። 24–70፣ ኤፍ 2.8፣ ከሰፊ እይታ እስከ መጠነኛ ማቅረብ የሚሠራ ዙም። ኤፍ የብርሃን ማስገቢያው ስፋት ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። በእኔ መለኪያ 55 ፈጀ፣ የቦዲውን ከግማሽ በላይ። ሦስት ተጨማሪ ባትሪና ሁለት ፈጣን ካርድ ደግሞ 9። የሌንሱን የቀን ኪራይ 1.1 አደረግኩት።

ማስታወቂያውን «ቦዲ ከነሌንሱ፣ 4 ባትሪ፣ 2 ካርድ፣ ለሥራ ዝግጁ» ብዬ ለወጥኩት። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሰው ያዘ። ካሜራው ያው ካሜራ ነው። የተለወጠው ሰውየው ቦርሳውን አንስቶ በቀጥታ ወደ ሥራው መሄድ መቻሉ ነው።

ሳምንት 11

አንድ ችግር ፍንትው ብሎ ወጣ። ሁሉም የሚፈልገው ቅዳሜን ነው።

ባለፉት አራት ሳምንታት 13 ጥያቄ መጥቶ 9ኙ ለቅዳሜ ወይም ለእሁድ ነበር። ለአንዱ ቅዳሜ ሦስት ሰው ደወለ። አንዱን ይዤ ሁለቱን መለስኩ። ከማግስቱ ጀምሮ እስከ ሐሙስ ካሜራው ከቁም ሳጥን አልወጣም።

ስለዚህ «በዓመት 365 ቀን አለኝ» የሚለው ሂሳብ ስህተት ነው። በእውነት ያለኝ ሃምሳ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ከዚያ ላይ ደግሞ እንደ ዕድል የሚመጡ የሥራ ቀናት። ቦዲ ለማከራየት የሚያስብ ሰው ሂሳቡን ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል። አንድ ቦዲ ብቻ ሲኖርህ ፈላጊ በበዛበት ቀን የምታቀርበው የለህም። ፈላጊ በሌለበት ቀን ደግሞ ዕቃው ተቀምጦ ያረጃል።

ለሰኞ እስከ ሐሙስ ዋጋ ቀነስኩ። ሦስት ቀን ወስደህ የሁለት ቀን ትከፍላለህ። ሙሉ ሳምንት የወሰደ የ4 ቀን ይከፍላል። ከዚህ በኋላ በደብተሬ ሁለት ዓምድ አለ። አንዱ «የወጣበት ቀን»፣ ሌላው «የተከፈለበት ቀን»። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ራሱን ያታልላል።

ሳምንት 14

ይህን ሳምንት በኢንሹራንስ ጨረስኩት። አሰልቺ ቢመስልም የሥራው አከርካሪ ይኼ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ቦታ ለግል ንብረት የሚሰጠው ሽፋን ለኪራይ እንደማይሠራ ነገረኝ። ዕቃው ገንዘብ ማግኛ ሲሆን ሌላ ዓይነት ውል ያስፈልጋል። ሁለተኛው ቦታ ለንግድ ዕቃ የሚሆን አለው። ውሉን ይዤ ቤት ሄድኩና ቃል በቃል አነበብኩት። ውስጡ አንድ አንቀጽ አገኘሁ። ባለቤቱ በፈቃዱ ለሌላ ሰው ያስረከበው ዕቃ ሳይመለስ ቢቀር እንደ ስርቆት አይቆጠርም ይላል።

ቆም ብላችሁ አስቡት። ካሜራ አከራይ የሚፈራው ትልቁ ነገር ምንድን ነው? ወስዶ የሚጠፋ ተከራይ ነው። ውሉ የማይሸፍነውም በትክክል እሱን ነው። ይህ አንቀጽ በብዙ የዕቃ ኢንሹራንስ ውሎች ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ሌላም ጠይቁ። ዕቃው ሲጠፋ የሚከፈላችሁ አዲስ መግዣውን ነው ወይስ የእርጅና ቅናሽ ተነስቶለት የቀረውን? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዓመት ትርፋችሁን ይውጣል።

ፈረምኩ። ለመሰበርና ከተከራዩ እጅ በሌላ ሰው ለመሰረቅ ይጠቅማል። በዓመት 5። የቀረውን ስጋት በራሴ መንገድ መሸፈን ነበረብኝ። መታወቂያ፣ ዋስ፣ መያዣ ገንዘብ፣ የቦዲውና የሌንሱ መለያ ቁጥር የተጻፈበት ውል። ከዚህ በፊት የሠራውን ሥራ ማየትም ጀመርኩ። ሥራ ያለው፣ ስሙ የሚያስጨንቀው ሰው ዕቃ ይዞ አይጠፋም።

ሳምንት 18

የዛሬው ጽሑፍ ከባድ ነው።

አንድ ቪዲዮ የሚቀርጽ ልጅ ካሜራውን ተረክቦ ቤቱ ሄደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወለ።

«ወንድሜ፣ ሞኒተሩ ላይ ምስል አይመጣም። ገመዱን በእጄ ስይዘው ይመጣል፣ ስለቀው ይጠፋል።»

ሄድኩ። የኤችዲኤምአይ ገመዱን ሰክቼ በጣቴ ጫፍ በትንሹ ወደ ላይ ገፋ አደረግኩት። ምስሉ መጣ። ጣቴን አነሳሁ። ጥቁር። እንደገና ገፋሁ፣ መጣ። ቀዳዳው ውስጥ በባትሪ መብራት ሳይ ብረቱ ከቦታው በፀጉር ስፋት ያህል ዘንበል ብሏል። አንድ ሰው ገመዱ እንደተሰካ አስቀምጦት ወይም ገመዱ እግር ጠልፎት ተጎትቷል።

ማን አደረገው? አላውቅም። ከዚህ ልጅ በፊት ሌሎች ሰዎች ወስደውታል። ሲመልሱልኝ ማብራትና ማጥፋቱን፣ መስታወቱን፣ ስክሪኑን ነበር የማየው። ገመድ ሰክቼ አላየሁም። ስለዚህ ማንንም መጠየቅ አልችልም። የልጁን ገንዘብ መለስኩለት፣ ይቅርታም ጠየቅኩት። ሥራው ተበላሽቶበታል፣ ለእሱ ነው የበለጠ ያዘንኩት።

ጥገናው 8 ፈጀ። ካሜራው ለ17 ቀን ከሥራ ውጭ ሆነ። ያውም ይህ ሞዴል ትልቁን፣ ሙሉ መጠን ያለውን ኤችዲኤምአይ ነው የያዘው። እንደ ካኖን አር5 ወይም እንደ ቀደመው ሶኒ ኤ ሰቨን ስሪ ያሉት ማይክሮ የሚባለውን ስስ ቀዳዳ ነው የያዙት። ለቪዲዮ የሚከራይ ቦዲ ስትመርጡ ከሜጋፒክስሉ በፊት ይህችን ቀዳዳ እዩ።

ሳምንት 21

ካሜራው ተጠግኖ መጣ። አዲሱ የመረከቢያ ሥርዓቴ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ተከራዩ ከፊቴ ቆሞ እያየ ነው የማደርገው።

ገመድ ሰክቼ ሞኒተር ላይ አያለሁ፣ ገመዱን ቀስ ብዬ አነቃንቃለሁ። ሁለቱም ካርድ ማስገቢያ ላይ ቀርጬ አያለሁ። ሌንሱን ኤፍ 22 ላይ አድርጌ፣ ፎከሱን አጥፍቼ ነጭ ግድግዳ አነሳለሁ። ሴንሰሩ ላይ፣ ማለት ምስሉን የሚቀበለው ክፍል ላይ፣ አቧራ ካለ ግራጫ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። በኤፍ 2.8 ቢነሳ ግን ያው አቧራ አይታይም፣ ብዙ ሰው እዚያ ጋ ይሳሳታል። ከዚያ ሌንሱን ከድኜ በረጅም ሰዓት ጥቁር ፎቶ አነሳለሁ። ቀይ ወይም ነጭ ሆኖ የቀረ ነጥብ ካለ እዚያ ላይ ይገኛል። በመጨረሻ ሌንሱ የሚገባበትን ቀለበት፣ የስክሪኑን ማጠፊያ፣ የባትሪውን ክዳን በጣቴ እዳስሳለሁ።

ነጥብ ካለ መጀመሪያ በጎማ መንፊያ እነፋዋለሁ። ካልሄደ ብቻ ለሴንሰር የተሠራውን ርጥብ መጥረጊያ፣ 24 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን፣ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር። ሴንሰሩ 36 በ24 ስለሆነ መጥረጊያው ልክክ ይላል። ያንኑ መጥረጊያ መልሶ መጠቀም ክልክል ነው። መቧጠጥ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ለገመዱ ደግሞ ቦዲው ላይ የሚታሰር መያዣ ገዛሁ። አሁን ገመዱ ቢጎተት ጫናው ቀዳዳው ላይ ሳይሆን መያዣው ላይ ያርፋል። ዋጋው ከጥገናው ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ሳምንት 23

ያገለገለ ኤ ሰቨን ፎር አሁን ስንት እንደሚሸጥ ዞሬ አጣራሁ። እንደኔ ያለው፣ የአምስት ወር፣ በንጽሕና የተያዘ፣ 78 ነው።

22 ጠፋ ማለት ነው። በአምስት ወር ከቦዲው የሰበሰብኩት ኪራይ ደግሞ 24። ጥገናውን ስጨምርበት እስካሁን ኪሳራ ላይ ነኝ። ሆዴ ቦጭ አለ።

ግን ዝም ብዬ አልቀረሁም፣ ነገሩን በደንብ አጠናሁት። የኪራይ ቦዲ ትርፍ የሚወሰነው ሁለት ቀን ላይ ነው፣ በተገዛበት ቀንና በተሸጠበት ቀን። በመካከል ያለው ኪራይ እነዚህ ሁለት ቀናት የፈጠሩትን ጉድጓድ ይሞላል ወይም አይሞላም።

የተሸጠበት ቀን ለምን ይወስናል? የተተኪው ሞዴል ወሬ ሲመጣ የቀደመው ዋጋ ስለሚወርድ ነው። ይህ ደግሞ በጨለማ የሚመጣ ነገር አይደለም። ካኖን 5ዲ ማርክ 2 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ማርክ 3 በ2012፣ ማርክ 4 በ2016። አር5 በ2020 ወጣ፣ ማርክ 2ው በ2024። አራት አራት ዓመት! ሶኒም ኤ ሰቨን ስሪን በ2018፣ ፎርን በ2021 ነው ያወጣው። አንድ ሞዴል ከወጣ ሦስት ዓመት ካለፈው፣ አዲስ ገዝቶ ለኪራይ ማዋል እየቀለጠ ያለ በረዶ መግዛት ነው።

ሌንስ እንዲህ አይደለም። የኒኮን ኤፍ ማውንት፣ ማለት ሌንሱ ቦዲው ላይ የሚገጠምበት ቀለበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ነው ያለው፣ የካኖን ኢኤፍ ከ1987። የኢኤፍ ሌንስ በአዳፕተር ዛሬም የካኖን አዲሶቹ አር ቦዲዎች ላይ ይሠራል። ቦዲ እንደ ስልክ ያረጃል፣ ሌንስ ግን እንደ ጥሩ መዶሻ ነው። የእኔ 55ቱ ሌንስ ዛሬ 52 ይሸጣል።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን ይህ ነው። እስካሁን ከተከራዩት አንድም ሰው «ካሜራው አዲስ ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም። የጠየቁት የሞዴሉን ስም ነው። ለአዲስነቱ የከፈልኩት ገንዘብ በኪራዩ ላይ ሳንቲም አልጨመረልኝም።

ሳምንት 27

ሁለተኛ ቦዲ ገባ። በዚህኛው ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ተግባር ላይ አዋልኩት። ሶኒ ኤፍኤክስ 3፣ ያገለገለ፣ በ115።

ይህን የመረጠልኝ ደብተሬ ነው። እስካሁን ከመጡት 44 ጥያቄዎች 27ቱ የቪዲዮ ናቸው። ኤፍኤክስ 3 ሴንሰሩ 12 ሜጋፒክስል ብቻ ነው፣ በዓይን የሚታይበት ቪውፋይንደርም የለውም። ፎቶ አንሺ አይወደውም። ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው የሚያየው። ውስጡ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ አለ፣ ረጅም ቃለ መጠይቅ መሃል ላይ በሙቀት አይዘጋም። ከእጀታው ጋር ኤክስኤልአር የሚባለው የባለሙያ ማይክ ገመድ ይሰካል። ለእኔ ደግሞ ትልቁ ጥቅሙ ከመጀመሪያው ቦዲ ጋር አንድ ዓይነት ባትሪ፣ አንድ ዓይነት ሌንስ መጠቀሙ ነው። አንድ ሌንስ ለሁለት ቦዲ ይሠራል።

ሻጩ ቤት ሄጄ ያንን የ20 ደቂቃ ፍተሻ ሙሉውን አደረግኩ። ገመዱን ሳነቃንቀው ሰውየው ፈገግ ብሎ ያየኝ ነበር። የቀን ኪራዩን 2.8 አደረግኩት።

ሳምንት 31

ለሙዚቃ ዝግጅት ካሜራ የሚፈልግ ሰው ደወለ። መድረኩ ላይ ሌዘር መብራት አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አለ አለኝ። ሌዘሩ ወደ ካሜራው እንዳይዞር ከአዘጋጆቹ ማረጋገጫ እስካልመጣ ድረስ እንደማላከራየው ነገርኩት። ትንሽ ቅር ብሎት ሄደ።

ቅር ቢለውም ልክ ነኝ። የሌዘር ጨረር በሌንሱ በኩል ተሰብስቦ ሴንሰሩ ላይ ሲያርፍ በቅጽበት ሊያቃጥለው ይችላል። የሚቀረው በየፎቶው ላይ የሚወጣ መስመር ነው። ሴንሰር መቀየር ደግሞ አንዳንዴ ሌላ ያገለገለ ቦዲ እንደመግዛት ነው።

ፀሐይም ያው ናት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 2017 አሜሪካ ላይ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በነበረ ጊዜ፣ ሌንስሬንታልስ የተባለው ትልቅ የካሜራ አከራይ ሴንሰራቸውና ሸተራቸው የተቃጠለ ካሜራዎች ተመልሰውለት ፎቶአቸውን አውጥቶ አሳይቷል። ተከራዮቹ የፀሐይ ማጣሪያ እንዲጠቀሙ አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር። ስለዚህ እኔም በቃል ከመናገር ይልቅ ውሉ ላይ አስገባሁት። ሌዘርና ያልተሸፈነ ፀሐይ የሚያደርሱት ጉዳት ሙሉ በሙሉ በተከራዩ ነው።

ሳምንት 36

የሥራ ቀናት ቅናሹ ፍሬ ሰጠ። ሥልጠና የሚሰጥ አንድ ቡድን ሁለቱንም ቦዲ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ወሰደ፣ በሚቀጥለው ወርም እፈልጋለሁ ብሏል። እንዲህ ያለ አንድ ደንበኛ ከአምስት የቅዳሜ ደዋይ ይበልጣል።

ሳምንት 41

እሁድ ማታ 12 ሰዓት መመለስ ነበረበት። ኤ ሰቨን ፎሩና ሌንሱ ናቸው። 12 ሆነ፣ 1 ሆነ። ደወልኩ፣ ስልኩ ዝግ ነው። 3 ሰዓት ላይ እንደገና፣ ዝግ። ያ የኢንሹራንስ አንቀጽ ትዝ አለኝ። በፈቃዴ ነው ያስረከብኩት። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጠዋት ዋሱ ጋ ደወልኩ። እሱም ደነገጠ፣ ፈልጌ አገኘዋለሁ አለኝ። ቀን 6 ሰዓት ላይ ልጁ ራሱ መጣ። የሄደበት ቦታ መኪና ተበላሽቶባቸው አድረዋል፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሷል። ዕቃው ደህና ነው። በጣም ይቅርታ ጠየቀኝ፣ አምኜዋለሁም።

ሆኖም ሰኞ ጠዋት ሊወስድ የመጣው ሌላ ሰው ባዶ እጁን ተመልሷል። የሦስት ቀን ሥራ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ በሁለት ኪራይ መካከል ቢያንስ ግማሽ ቀን ክፍት እተዋለሁ። የዘገየ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ተኩል ቀን ይከፍላል። ለልጁ ግን ዳግመኛ አከራያለሁ። ዕቃ ይዞ የመጣ ሰው ነው።

ሳምንት 47

ትንንሽ ነገሮች እየጠፉ ነው። ሁለት የቦዲ ክዳን፣ አንድ የዓይን ጎማ፣ አንድ ማንገቻ። ለየብቻቸው ምንም አይደሉም፣ ተደምረው ግን 2 ደርሰዋል። በመረከቢያ ወረቀቱ ላይ አንድ በአንድ ዘርዝሬያቸዋለሁ።

ሳምንት 52

ዛሬ ደብተሩን ዘጋሁ።

ኤ ሰቨን ፎር በዓመቱ 41 ቀን ወጣ፣ የተከፈለበት 35 ቀን ነው። ገቢው 70። ኢንሹራንስ 5፣ ጥገና 8፣ የጠፉ ነገሮች 2፣ ትራንስፖርትና ማጽጃ 3። ቀሪ 52። ዛሬ በ67 ሸጥኩት፣ ስለዚህ ከዋጋው 33 ወርዷል። የተጣራው ትርፍ 19 ነው። ይህን ለማግኘት 22 ጊዜ አስረክቤ ተረክቤያለሁ፣ በአማካይ ለአንዱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በድምሩ 55 ሰዓት።

ለዚህ ቦዲ ትርፍ የጀመረው ከ26ኛው የተከፈለበት ቀን ላይ ነው። ከዚያ በታች ብሆን ኖሮ እከስር ነበር። አዲስ ቦዲ ገዝቶ ለኪራይ የሚያስብ ሰው ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። በዓመት 26 ቀን ሙሉ ዋጋ የሚከፍልልኝ ሰው አለኝ?

ሌንሱ 36 ቀን ወጣ፣ የ28 ተከፈለ። ገቢው 31 ገደማ። ወጪው 2፣ ዋጋው አሁን 49። ትርፉ 23 ነው። ከቦዲው ግማሽ ገደማ በሆነ ዋጋ ተገዝቶ ከቦዲው በላይ አተረፈ። ባትሪና ካርዶቹ 9 ወጥቶባቸው 11 አስገብተዋል፣ አሁንም በእጄ ናቸው።

ያገለገለው ኤፍኤክስ 3 በ25 ሳምንት 21 ቀን ወጣ፣ የ18 ተከፈለ። ገቢው 50። ወጪው 7፣ ዋጋው ከ115 ወደ 107። ዛሬ ብሸጠው 35 ያተርፋል። በግማሽ ዓመት! አዲሱ ቦዲ በሙሉ ዓመት ካመጣው እጥፍ ገደማ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው የኪራይ ዋጋው ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውን የዋጋ መውረድ ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ተሸክሞልኛል።

ስለዚህ ይቻላል፣ ያገለገለ ተገዝቶ፣ ከሌንስ ጋር ተያይዞ፣ ተተኪው ሳይመጣ ከተሸጠ። አዲስ ቦዲ ብቻውን ገዝቶ ኪራዩን መጠበቅ ግን ለእኔ ድጋሚ የማደርገው ነገር አይደለም። በሽያጩ ገንዘብ ሌላ ሌንስ፣ ከሩቅ የሚያቀርበውን 70–200 እፈልጋለሁ። በደብተሬ ላይ 11 ሰው ጠይቆኝ የለኝም ያልኩት እሱን ነው።

ኤ ሰቨን ፎሩን ከእኔ የገዛችው ያቺ የሳምንት 4ቷ የሠርግ ፎቶ አንሺ ናት። በዓመቱ አምስት ጊዜ ተከራይታዋለች። ስለሸተሩ ስትጠይቀኝ ደብተሩን ሰጠኋት። እያንዳንዱን ኪራይ፣ የኤችዲኤምአዩን ጥገና ጭምር፣ ገጽ በገጽ አነበበችው። ከዚያ ገመድ ጠይቃኝ ሰካችና ቀስ አድርጋ አነቃነቀችው። ምስሉ አልጠፋም።

ከፍላ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ዞር አለች። ለቅዳሜ 24–70ውን ትፈልገዋለች። መዝግቤዋለሁ።